ከምሳ በኋላ የማይነሳው ስልክ

ሳሙኤል የእናቱን ሞት በጽሑፍ አልላከልኝም፤ ደወለ። መጀመሪያ የጠየቀኝ የት እንዳለሁ ነው። ቀጥሎ አጠገቤ ሰው መኖሩን ጠየቀኝ። ያኔ ገባኝ።

«አዬ ናቸው?» አልኩት።

«አዎ፣ እማ ናት» አለኝ።

ሁለታችንም ሳንናገር፣ ሳንዘጋውም ትንሽ ቆየን። ከዚያ «ትመጫለሽ አይደል?» አለና ዘጋው።

በማግስቱ ከሐዋሳ ወደ ሶዶ ስሄድ መንገዱን ሙሉ የተከተለኝ ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ጥያቄም ነበር። እኚህ ሴት ከምሳ በኋላ ብቻቸውን ተቀምጠው ምን ያደርጉ ነበር? አብሬያቸው ስኖር ይህንኑ ስጠይቅ ነው የኖርኩት። መልሱንም ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ። ሆኖም ዛሬም ሙሉ በሙሉ የገባኝ አይመስለኝም።

አዬ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። ስማቸው አስቴር ነበር፤ ነገር ግን ተከራያቸውም፣ ጎረቤቱም አዬ ነበር የሚላቸው። እኔ ባዮሎጂ ላስተምር ከቦዲቲ ወደ ሶዶ ስመደብ፣ ከመናኸሪያው በላይ ወደ ዳሞታ ተራራ በሚወጣው መንገድ ዳር ካለው ግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ቁልፉን ሲሰጡኝ ስለ ውኃው መምጫ ቀን፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ውጪው በር መወርወሪያ አንድ በአንድ ነገሩኝ። መጨረሻ ላይ፣

«ከምሳ በኋላ ደግሞ እኔ የለሁም» አሉኝ።

«የት ይሄዳሉ?»

«የትም አልሄድም። እዚሁ ነኝ። ግን የለሁም።»

የአነጋገራቸው እርጋታ ሌላ ጥያቄ የሚያስጠይቅ አልነበረም። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ነገር ካላወቅኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ነኝ።

ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። ሰው ሲያናግራቸው ፊታቸውን ሳይሆን ግራ ጆሯቸውን ነበር የሚሰጡት፤ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ የማይፈልጉኝ መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ነገሩን የፈታልኝ ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ጋሽ ወልዴ ናቸው። ጋሽ ወልዴ ወላጆቻቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በጫማው ኮቴ የሚለዩ ሽማግሌ ነበሩ።

«እሷ እኮ ስልከኛ ነበረች» አሉኝ። «በዚያ በገመዱ ዘመን። እኔ አዲስ አበባ ዕቃ ለማዘዝ ቴሌ ቤቱ አግዳሚ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጬ ስጠብቅ፣ እሷ ማዳመጫውን በግራ ጆሮዋ ሰክታ፣ ገመድ ከዚህ ነቅላ እዚያ ስትተክል አይ ነበር። የሶዶ ሰው ምሥጢር በሙሉ በዚያች ጆሮ አልፏል። አንዱንም አውጥታ አታውቅም።»

እውነታቸውን ነበር። ስንት ሰው ተጋብቶ፣ ስንት ሰው ተጣልቶ፣ ስንት መርዶ በእሳቸው እጅ እንዳለፈ ለማወቅ ብዙ ሞክሬአለሁ። «መስመሩ የእኔ አልነበረም» ብለው ወሬውን ወደ እንሰቱ ወይ ወደ ስኳር ድንቹ ያዞሩት ነበር።

ምሳ ከተበላ በኋላ አዬ ስልካቸውን ያጠፋሉ። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር አጭር ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። የሚሠሩት ነገር የለም። መጽሐፍ ቅዱስ አልያዙም፤ እሱን ጠዋት ነው የሚያነቡት። አይፈትሉም፣ አይፈለፍሉም። ከንፈራቸውም ስለማይንቀሳቀስ እየጸለዩ ነው ለማለት እቸገር ነበር። እንዳልተኙ ደግሞ ዓይናቸው ይናገራል። ፀሐይዋ ከግቢው እስክትወጣ ድረስ እንዲሁ ናቸው። ሰው መጥቶ የውጪውን በር ሲያንኳኳ ካሉበት ሆነው «መስመር ተይዟል!» ይላሉ።

አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያን የጸሎት እናቶች በዚያ ሰዓት መጡ። አዬ ከጓሮ «መስመር ተይዟል!» ሲሉ ሴቶቹ ከልጃቸው ጋር በስልክ እያወሩ መስሏቸው በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። በጣም ሲቆይባቸው አንዷ ወደ ጓሮ ሄዳ አየች። ተመልሳ፣

«ከማንም ጋር አይደሉም እኮ!» አለች በሹክሹክታ።

«ታዲያ?»

«እንጃ። ቅጠል ነው የሚያዩት።»

ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ብዙ ተባለ። አንዳንዱ ኀዘን ነው አለ፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷልና። አንዳንዱ እርጅና ነው አለ። ጋሽ ወልዴ «ሂሳብ ነው የምታወራርደው» ይሉ ነበር፤ የምን ሂሳብ እንደሆነ ግን እሳቸውም አያውቁትም። እኔም ከመስኮቴ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ብዙ ቀን አየኋቸው። ምንም ነገር ሲከናወን አላየሁም።

አንድ ሰሞን በከተማው ኔትወርክ ጠፋ። እስካሁን የማይረሳኝ የሶዶ ሁኔታ ነው። የባንኩ ሰልፍ ቆመ፣ ባጃጆቹ ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች አንገታቸውን ቀና አድርገው እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። እኔ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ክፍሌ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። የመምህራኑ ቴሌግራም ዝም ብሏል፤ የምስቅበት ቪዲዮ የለም። እጄ ስልኩን ያነሳል፣ ያያል፣ ያስቀምጣል፣ እንደገና ያነሳል። በመጨረሻ ወጥቼ ሳላስበው ጓሮ ተገኘሁ። ሰዓቱ የእሳቸው ሰዓት መሆኑን ያስታወስኩት ፊታቸው ከቆምኩ በኋላ ነው። ልመለስ ስል እጃቸውን አነሱ።

«ተቀመጪ። ዳታሽ ጠፍቶ ነው አይደል?»

«አዎ አዬ።»

«እኔ የማውቀው ዳጣ የሚበላውን ነው። እሱ ሲያልቅ እንኳ ቤቱ እንዲህ አይሸበርም» ብለው ሳቁ። ዳጣ የእኛ አገር የተፈጨ ቃሪያና ቅመም ነው፤ ያለ እሱ ሥጋ አይበላም።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዝም አሉ፤ ዝም አልኩ። እኔ ግን ዝምታ ብዙ አልችልም።

«አዬ፣ እዚህ ሲቀመጡ ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

«አዳምጣለሁ።»

«ምኑን?»

ግራ ጆሯቸውን ወደ እንሰቱ አዞሩ።

«ወጣት ሆኜ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ገና አዲስ ተቀጥሬ። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ደንግጣ 'ምን ሆንሽ?' አለችኝ። 'ወንድሜ ሞተ' አልኳት። እሷም ጮኸች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። ወንድሜ ደግሞ እዚያው ጓሮ ከብት እያሰረ ነበር፤ ጩኸቱን ሰምቶ ሮጦ መጣ። ሳየው ራሴን ልስት ነበር።»

«እንዴት አዬ?»

«መርዶ አገናኝቼ ነበር። የአንዲት ሴት ወንድም ጅማ ሞቶ፣ እሷ ከሶዶ ስትሰማ መስመሩ ላይ ነበርኩ። ልቅሶዋ በጆሮዬ ገባ፤ ገብቶ ቀረ። የማን ሐዘን እንደሆነ ጠፋኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ፈራሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ በውስጤ ያልፋል፤ የሚስቀው፣ የሚሳደበው፣ የሚዋሸው። ማታ ስተኛ የማስበው ነገር የእኔ ይሁን የሌላ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ከሥራ ስወጣ መጀመሪያ ብቻዬን እቀመጣለሁ። የሰው ድምፅ አንድ በአንድ ይወጣል። መጨረሻ ላይ የእኔ ይመጣል።»

«ይመጣል?»

«አንዳንድ ቀን አይመጣም። አንዳንድ ቀን መጥቶ የማይረባ ነገር ይናገራል፤ 'ጉልበቴን አመመኝ' ይላል። ቢሆንም የእኔ ነው።» ከዚያ ወደ ስልኬ አገጫቸውን ቀሰር አደረጉና፣ «እናንተ ዛሬ ሁላችሁም ስልከኛ ሆናችኋል፣ ልጄ። የአገሩ ሁሉ ወሬ በጆሯችሁ ያልፋል። የእኔ እንኳ ደመወዝ ነበረው» አሉኝ።

ይህን ሰምቼ የተለወጥኩ እንዳይመስላችሁ። ኔትወርኩ ሲመለስ የመጀመሪያው ድምፅ የተሰማው ከእኔ ክፍል ነው።

ሳሙኤል አንድ ልጃቸው ነው። አዲስ አበባ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራል፤ ዝምተኛ፣ ለእናቱ ሟች ነው። በዚያ ዓመት ክረምት አዬ ከእርጥቡ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው እጃቸው ተጎድቶ ነበር። ለጊፋታ፣ ለአዲስ ዓመታችን ሲመጣ ሳሙኤል ሁለት ካሜራ ይዞ መጣ። አንዱን ሳሎን ውስጥ ከጣሪያው ጥግ፣ ሌላውን ከውጪው በር በላይ ሰቀለ። ካሜራው ማሳየት ብቻ ሳይሆን ያናግራል፤ እሱ አዲስ አበባ ሆኖ ሲናገር ድምፁ ከግድግዳው ይወጣል።

መጀመሪያ ሰሞን አዬ ወደዱት። ጠዋት ወደ ጥጉ ቀና ብለው «ሳሚ፣ ቁርስ በላህ?» ይላሉ። ግድግዳው «በላሁ እማ፤ አንቺ ክኒንሽን ወሰድሽ?» ይላል። ጋሽ ወልዴ ሊያዩት መጥተው ባርኔጣቸውን አውልቀው ለካሜራው እጅ ነሱ። ግቢው ሁሉ ሳቀ።

ቆይቶ ግን ልብ ያልኩት ነገር ነበር። አዬ እቤታቸው ውስጥ ደህናውን ሻሻቸውን ማሰር ጀመሩ። ሥራ ሲሠሩ የሚያንጎራጉሩት መዝሙር ቀረ። ሶፋው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ጋደም ማለት ትተው፣ እንግዳ እንደመጣበት ሰው ቀጥ ብለው ይቀመጡ ነበር። ከምሳ በኋላ ጓሮ ሲሄዱ ደግሞ የእኔ ስልክ ይጠራል።

«ሊዲያ፣ እማ ከካሜራ ወጥታለች። ስልኳም ዝግ ነው። እስቲ እዪልኝ።»

«ጓሮ ናቸው ሳሚ፣ እንደ ወትሮው።»

«አይተሻታል?»

«አሁን አየኋቸው።»

«ደህና ትመስላለች?»

ደህና ይመስሉ ነበር። ግን የእኔ ኮቴ በየቀኑ ጓሮ ሲደርስ ቀና ብለው ያዩኝ ነበር፤ አዩኝ ማለት ደግሞ ያች ሰዓት ተቋረጠች ማለት ነው። ሳሙኤል በዚያም አልረካም። ሦስተኛ ካሜራ ገዝቶ ለጓሮው እንደሚልክ ነገራቸው።

በዚያው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አዬ ክፍሌ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ» አሉኝ። «ሰው ዓይኑን ጥሎብሽ ማሰብ ትችያለሽ?»

«እንዴት ማለት አዬ?»

«እኔ አቃተኝ። ዓይን ሲኖር የማስበው ለሚያየኝ እንዴት እንደምታይ ነው። ልጄ ነው የሚያየኝ፣ ጠላት አይደለም። ግን አቃተኝ።»

ባዮሎጂ ስለ ዓይን ብዙ ይላል፤ ስለዚህኛው ግን ምንም አይልም።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ሳሙኤል ደወለ። አዬ ከቤት የሉም፤ ስልካቸው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ ካሜራው ፊት ተቀምጦ ይታየዋል። ማለዳ ጫማ አድርገው ነጠላቸውን ለብሰው ሲወጡ በቅጂው አይቷቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም። ቤቱን፣ ጓሮውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን አየሁ። የሉም። ሳሙኤል በመኪናው ከአዲስ አበባ ተነሣ። ከመነሣቱ በፊት ግን የእናቱን ፎቶ «እናቴ ጠፍታብኛለች» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ።

ያ ፎቶ የሄደበት ፍጥነት ያስደንቃል። እኩለ ቀን ሳይሆን የማያውቃቸው አልነበረም። አንዱ አረካ ገበያ አየኋቸው ይላል፤ ሌላው ወደ ዳሞታ ሲወጡ ነው ይላል፤ አንዷ የሚያለቅስ ፊት ደርድራ «ጌታ ይጠብቃቸው» ትላለች። አንድ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ የወደቁ እናት ዱቦ ሆስፒታል ገብተዋል ብሎ ጻፈ። ይህን እንዳነበብኩ ተነሣሁ። ሚኒባስ ይዤ ዱቦ ሄድኩ፤ የቀረውን መንገድ በእግሬ ሮጥኩ። የወደቁት እናት ሌላ ሴት ናቸው፤ አጠገባቸው ልጆቻቸው ተሰብስበዋል። ስልኬ ከመጮህ አላረፈም፤ የማላውቃቸው ሰዎች «ተገኙ ወይ?» ይሉኛል።

ሶዶ ስመለስ ጋሽ ወልዴ ሱቃቸውን ዘግተው በራችን ላይ ቆመዋል።

«ስልክሽ ምን ሆኗል?» ብለው ተቆጡኝ። «ስደውል ተይዟል፣ ስደውል ተይዟል!»

«ምነው ጋሼ? ተገኙ?»

«መናኸሪያ ወርጄ ተራ አስከባሪውን ጠየቅኩት። ጠዋት ወደ ገሱባ ከተማ የሚሄድ መኪና ላይ የፊት ወንበር ሰጥቶ አሳፍሯታል። ደህና ነበረች፤ እንዲያውም መርቃዋለች። እዚያ ደግሞ ከድሮዋ የገሱባ ስልከኛ በቀር የምታውቀው ሰው የላትም።»

መናኸሪያው ከቤታችን ቁልቁል የሚታይ ነው። ያን ሁሉ ሰው ስንጠይቅ እዚያ ወርዶ የጠየቀ ከእሳቸው በቀር አልነበረም።

ሳሙኤል ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ከመኪናው አልወረደም፤ እኔና ጋሽ ወልዴ ገባንና ወደ ገሱባ ቀጠልን። መንገዱ አስቸጋሪ ስለነበር ቀስ ብለን ነው የሄድነው። ጋሽ ወልዴ ከኋላ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ሳሙኤል መሪውን እንደጨበጠ ማውራት ጀመረ።

«ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ውጤት ልነግረው ለአባዬ ደወልኩ» አለ። «እማ ሥራ ነበረች። የቤት ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። እንደማይነሳ ሳውቅ ተናድጄ ከጓደኞቼ ጋር ምሳ ልበላ ሄድኩ። አባዬ ስልኩ አጠገብ ወድቆ ነበር። እማ ማታ ስትመጣ ነው ያገኘችው።» ማርሽ ቀየረና፣ «የሚጠራ ስልክ ሳይነሳ ሲቀር እኔ የሚታየኝ ያ ነው፣ ሊዲያ» አለኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሳሙኤልን የማየው ከመጠን በላይ እንደሚጨነቅ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ላየው አልቻልኩም።

ገሱባ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትገባ ነበር። የድሮዋን ስልከኛ ቤት ስንጠይቅ አንዲት ሴት እስከ በሩ አደረሰችን። አዬ ግቢው ውስጥ፣ ቁርበት ላይ፣ ከአንዲት አጠር ያሉ አሮጊት ጋር ተቀምጠው ቦሎቄ ይፈለፍላሉ። አያወሩም። ሁለቱም ግንባራቸው ፈታ ብሏል።

«እማ!» አለ ሳሙኤል። ጩኸት ነበር።

አዬ ቀና አሉ። ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ግራ ተጋቡ። «ሳሚ? አንተ ምን ልትሠራ መጣህ? ሰው ሞተ?»

«የሞትሽ መስሎኝ ነው እንጂ! ሳትናገሪ ትጠፊያለሽ? አገር ሙሉ እየፈለገሽ ነው!»

«እንዴ፣ ነግሬህ ነው የወጣሁት!»

«መቼ?»

«ጠዋት። ለዚያ ለዓይንህ ነገርኩት።»

ሳሙኤል ስልኩን አወጣ። የጠዋቱን ቅጂ ከፈተ። መጀመሪያ ያየው ስብሰባ ላይ ሆኖ ስለነበር ድምፁን ዘግቶት ነበር። አሁን ድምፁን ከፈተው። የአዬ ድምፅ በገሱባ ግቢ ውስጥ ተሰማ፦

«ሳሚ፣ ዛሬ ገሱባ ዓለሚቱን ልጠይቅ ሄጃለሁ። ዛሬ ካልተመቸኝ ነገ እመለሳለሁ። አታስብ። ቁርስህን ብላ።»

ሳሙኤል እንደገና ከፈተው። ከዚያ ቁርበቱ ላይ፣ ከቦሎቄው አጠገብ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ጋሽ ወልዴ «ውኃ ስጡት» አሉ።

ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ አጠር ያሉት አሮጊት፣ የገሱባን ስልክ ይይዙ የነበሩ ናቸው። ሁለቱ ሴቶች በሥራ ዘመናቸው ሁሉ በየቀኑ በመስመር ተገናኝተዋል፤ በአካል ግን የተያዩት በአዬ ባል ቀብር ላይ ብቻ ነው። ጥሪ ሲጠፋ መስመሩን ሳይዘጉ ዝም ብለው ይቆዩ እንደነበር አዬ ነገሩን። «እዚያ መኖሯን አውቃለሁ፤ እዚህ መኖሬን ታውቃለች። በቃ።» ወይዘሮ ዓለሚቱ አሁን ጆሯቸው በጣም ከብዷል። የምንነጋገረውን ስላልሰሙ ፈገግ ብለው ለሁላችንም የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልን።

ሳሙኤል ውኃውን ጠጥቶ ሲረጋጋ፣ «እማ፣ ብትወድቂስ?» አለ። ቁጣው አልቆ ነበር፤ የሚጠይቀው እንደ ልጅ ነው።

አዬ የያዙትን ቦሎቄ አስቀመጡ።

«ልወድቅ እችላለሁ» አሉ። «ይኸው አርጅቻለሁ። ግን አየኸኝም አላየኸኝም፣ ከወደቅኩ እወድቃለሁ ልጄ። አንተ አዲስ አበባ ነህ። የአባትህን ነገር እኔም አልረሳሁትም። ያንን ስልክ አንተ ብቻ አይደለህም የምትሰማው።»

ሳሙኤል ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ጠዋትና ማታ ደውልልኝ፤ በደስታ አነሳለሁ» አሉ አዬ። «ከምሳ በኋላ ያለችውን ግን ተውልኝ። እሷን ከወሰድክብኝ የምትጠብቀው እኔን አይደለም፤ ሌላ ሴት ነው።»

በማግስቱ ሶዶ ተመልሰን ሳሙኤል መሰላል ላይ ወጥቶ የሳሎኑን ካሜራ ራሱ ነቀለ። የውጪውን በር ካሜራ ሊነቅል ሲል አዬ ከለከሉት። «እሱ ይቀመጥ፤ ሌባውን ጠብቅልኝ» አሉት።

ሳይመለስ በፊት ከምሳ በኋላ አብሯቸው ጓሮ ተቀመጠ። ስልኩን ቤት ትቶት ወጣ። እኔ ደግሞ ከመጋረጃዬ ጀርባ ቦታዬን ያዝኩ። ሳሙኤል እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል፣ ባዶ መሆኑን ሲያውቅ ይመልሰዋል፣ እግሩን ያወዛውዛል፣ እንደገና ወደ ኪሱ። እንዲህ ሲል ቆይቶ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ወደቀ፤ ተኛ። አዬ ከወንበራቸው ሳይነሱ ዞረው ሲያዩት ቆዩ። በኋላ «ምን አዳመጣችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ማንኮራፋቱን» አሉኝ። «እንደ አባቱ ነው። አላውቅም ነበር።»

እኔ ወደ ሐዋሳ ከተዛወርኩ በኋላ በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር፤ ጠዋት፣ ወይ ምሽት ላይ።

አዬ የሞቱት ከምሳ በኋላ ነው፤ ጓሮ፣ ወንበራቸው ላይ፣ ስልካቸው ጠፍቶ። ያገኘቻቸው ክፍሌን የተከራየችው ልጅ ናት። ልቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ ይህ ነበር የሚወራው። ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ካሜራው ቢኖር እኮ» ይላሉ። ሳሙኤል ይሰማል። ከቀብሩ ጀምሮ ዕንባ እንዳልወጣው አክስቱ ነገሩኝ። እጅ ይጨብጣል፣ ስልክ ያነሳል፣ «አሜን» ይላል፣ እንደገና ስልክ ያነሳል። እህልም አልቀመሰም።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ተነሥቶ ሰው ስልኩን ሲነካካ፣ ሳሙኤል ከመቀመጫው ተነሣ። አጠገቤ ሲደርስ ስልኩን እጄ ላይ አኖረው። በበሩ ወጥቶ ወደ ዳሞታ የሚወጣውን መንገድ ያዘ።

አክስቱ አይተው ብድግ አሉ። «ሐዘንተኛ ብቻውን ይለቀቃል? ሰው ይከተለው እንጂ!»

ሁለት ወጣቶች ተነሡ። ጋሽ ወልዴ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ምርኩዛቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉባቸው።

«ተቀመጡ» አሉ። «ተዉት።»

«ነውር ነው ጋሼ!» አሉ አክስቱ።

«ነውሩ በእኔ ይሁን።»

ስልኩ እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል። የሚያጽናኑት ሰዎች ናቸው፤ ደግ ሰዎች። አላነሳሁም። አክስቱ በየትንፋሻቸው ወደ በሩ ያያሉ። እኔም አያለሁ። አንድ ነገር ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ፤ ጋሽ ወልዴን ሳያቸው እሳቸውም ፈርተዋል። ግን ምርኩዛቸውን አላነሱም።

ሳሙኤል የተመለሰው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ጫማው አቧራ ለብሷል። ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ አብጦ፣ ሸሚዙ ከደረቱ ላይ ርሷል። ወደ አክስቱ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠና ራሱን ትከሻቸው ላይ ጣለ።

«ራበኝ» አለ።

ሴቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ተነሡ።